ከበሩ ጀርባ የምትለጠፈው ወረቀት

ሚራን ከሁላችንም በፊት፣ ትርኢቱ ሊጀመር ሦስት ሰዓት ሲቀረው ነው የምትመጣው። ትርኢቱ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ከሆነ እሷ በስድስት ሰዓት አሥራ ስምንቱን ደረጃ ወርዳ፣ የምድር ቤቱን በር ከፍታ፣ ጫማዋን አውልቃ በካልሲ መድረኩ ላይ ትሄዳለች። ከጥግ እስከ ጥግ፣ ቀስ እያለች። ሚስማር ብቅ ብሎ እንደሆነ፣ ጣውላ ተነስቶ እንደሆነ በእግሯ ትፈልጋለች። አንድ ቀን "በባትሪ ብታዪው አይሻልም?" ብላት "ዓይኔ ይለግማል፣ እግሬ አይለግምም" አለችኝ። በዚህ የተነሳ በሕይወቴ ያልተቀደደ ካልሲ አድርጋ አይቻት አላውቅም።

ከዚያ ወለሉን ትወለውላለች። የቲያትር ሰፈር በሆነው በዴሃንግኖ ከምድር በታች ያሉ ትንንሽ ቲያትር ቤቶች ሁሉ ክረምት ሲገባ ግድግዳቸው ያልባል፤ የኛው ደግሞ ይብሳል። ከዚያ ሾርባ ትጥዳለች። መድረክ ላይ የሚጠጣው ሶጁ የተባለው አረቄ ውሃ ነው፣ ማንም አያውቅም። ሾርባው ግን እውነተኛ መሆን አለበት፤ እንፋሎቱ ከመጨረሻው ወንበር ካልታየ ሰው አያምንም። ተዋንያኑ ከመድረክ ወርደው ያንኑ ሾርባ ሲሻሙ እሷ ቆማ ሩዝ በባሕር ቅጠል የተጠቀለለባትን ኪምባፕ ትጎርሳለች። ተቀምጣ ስትበላ ያየኋት አንድ ቀን ብቻ ነው፣ እሱም ሰው ሞቶ ለቅሶ ቤት።

እኔ ዳልሱ እባላለሁ፤ መብራት ነኝ። ከተመልካቹ ጀርባ፣ ቁም ሳጥን በምታህል ክፍል ተቀምጬ በጆሮ ማዳመጫ የሚራንን ድምፅ እሰማለሁ። እሷ ከመድረኩ ጎን መጋረጃ ውስጥ ቆማ "መብራት አርባ ሁለት፣ ተዘጋጅ" ትላለች። "ተዘጋጅቻለሁ" እላለሁ። "ሂድ" ትላለች፤ እጫናለሁ። አሥራ አንድ ዓመት እንዲህ ኖርን። ሚስቴ አንድ ጊዜ ብቻ ነው "ሂድ" ያለችኝ፤ ያኔም ሄድኩ።

የመድረክ አስተባባሪ ማለት እንግዲህ ይህ ነው። ጥሩ ከሠራ ማንም አያየውም፤ አንድ ሰከንድ ከተሳሳተ አገር ያየዋል። የሚራን እናት እስኪሞቱ ድረስ "ልጄ ቲያትር ቤት ትሠራለች፣ ምን እንደምትሠራ ግን አላወቅሁም" ይሉ ነበር።

ስለ ወረቀቷ ልንገራችሁ። ሚራን ከእያንዳንዱ ትርኢት በኋላ አንድ ገጽ በእጇ ትጽፍና ከልብስ መቀየሪያው በር ጀርባ በፕላስተር ትለጥፋለች። ግልባጩ ለቲያትር ቤቱ ባለቤት ለወይዘሮ ሜንግ ይሄዳል። ስንት ሰዓት ተጀመረ፣ ስንት ሰዓት አለቀ፣ ማን ዘገየ፣ ማን ቃል ዘለለ፣ ምን ተሰበረ። ምስጋና የለበትም፣ ስድብም የለበትም። አንድ ቀን እንዲህ ብላ ጻፈችብኝ፦ "ዳልሱ በሦስተኛው ትዕይንት እንቅልፍ ወሰደው። መብራቱ አራት ሰከንድ ዘገየ።" አቤት የተናደድኩት መናደድ። አንድ ወር ሙሉ ከ"ተዘጋጅቻለሁ" በቀር አንድ ቃል አላናገርኳትም። ኋላ አንድ ቀን በሩ ጀርባ ሳነብ "መጋረጃውን ቀድሜ አስነሳሁ። ጥፋቱ የራሴ ነው። ሚራን" ይላል። ማንም አላየባትም ነበር እኮ፤ ራሷ ናት የጻፈችው። ከዚያ ወዲያ በምን አፌ ላኩርፍ። በዚያ ቤት ሰው እርስ በርሱ ይዋሻል፣ ይካካባል፣ ይተማማል፤ ወረቀቷን ግን ማንም ተጠራጥሮ አያውቅም።

ባለፈው ክረምት የያዝነው ተውኔት በአንድ የሕዝብ መታጠቢያ ቤት እሳት ስለሚያነድ ሽማግሌና ስለ ሴት ልጁ ነበር። ሽማግሌውን የሚሠሩት አንጋፋው ተዋናይ መምህር ፕዮ ናቸው። ሰባ ስድስት ዓመታቸው ነው፤ ሚስትም ልጅም የላቸውም፤ ያላቸው መድረክ ነው። ሚራን በሃያ አራት ዓመቷ ሥራ ስትጀምር በእሳቸው ትልቅ ትዕይንት መሃል በስህተት መጋረጃ ጣለችባቸው። ጥፋቷን በወረቀት ጽፋ ጥግ ይዛ ስታለቅስ፣ መምህር ፕዮ መነጽራቸውን አድርገው አነበቡና "ተዋናይ የማያታልለውን አንድ ሰው ይፈልጋል፤ አንቺ ያንን ሁኚ" አሏት። ይህን የነገረችኝ እሷ ናት።

መምህር ፕዮ ከትርኢት በኋላ ሁልጊዜ በሩ ጀርባ ይቆማሉ። አንድ እጃቸውን ግድግዳው ላይ አድርገው ወረቀቱን ከላይ እስከ ታች ያነባሉ፣ ከዚያ ጃንጥላቸውን ይዘው ይወጣሉ። እኛ "ሽማግሌው ስማቸውን ይፈልጋሉ" እያልን እንስቅ ነበር።

በመድረኩ መሃል የእሳት ጉድጓድ አለ። ሁለተኛው ትዕይንት ሲያልቅ መምህር ፕዮ ከጉድጓዱ ይወጡና ክዳኑን በገመድ ስበው ይዘጋሉ፤ መቀርቀሪያውን በተረከዛቸው ይገፋሉ፤ "ውሃው ደርሷል" ይላሉ፤ መብራት ይጠፋል። በጨለማው ውስጥ ልጃቸውን የምትሠራው ሄጂን ሳፋ ውሃ ተሸክማ በቁጥር ዘጠኝ እርምጃ ትሻገራለች። ስድስተኛው እርምጃዋ ክዳኑ ላይ ነው። ክዳኑ ወደ ታች የሚከፈት ስለሆነ ካልተቀረቀረ ሰው አይችልም፤ ከሥሩ ደግሞ ሁለት ሜትር ተኩል ጉድጓድ አለ።

በሐምሌ አጋማሽ መምህር ፕዮ ቃል መዝለል ጀመሩ። መጀመሪያ አንድ መስመር፣ ከዚያ ግማሽ ገጽ። ሄጂን ጎበዝ ናት፣ ትሸፍናለች። እኔ በሩ ጀርባ ሄጄ ሳነብ ወረቀቱ ላይ ምንም የለም።

"እትዬ ሚራን፣ መምህር ግማሽ ገጽ ዘለሉ እኮ" አልኳት።

"አይተሃል?"

"መብራት ነኝ፤ እንዴት አላይም?"

"ካየህ በቃ። አፍህን ያዝ።"

"እኔ አራት ሰከንድ ብተኛ በግድግዳ የምለጠፍ ሰውዬ..."

"አንተ ትነቃለህ" አለችኝ።

ከዚያ መቀርቀሪያውን መርሳት መጣ። እንጨቱ በእርጥበት አብጦ ስለነበር ሳይቀረቀርም ጥብቅ ብሎ የተዘጋ ይመስላል። ያየችው ሚራን ብቻ ናት። ከዚያ ቀን ጀምሮ መብራቱ ሲጠፋ በማዳመጫው ውስጥ የእግሯን ኮቴ መስማት ጀመርኩ። ከመጋረጃው ወጥታ በጨለማ ትሮጣለች፣ ትንበረከካለች፣ የመቀርቀሪያዋ ብረት ቀጭ ትላለች፣ ትመለሳለች። ከዚያ ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ እያለ "መብራት አርባ ሦስት፣ ሂድ" ትለኛለች። ሰው መድባ ብታስቀረቅረው ለምን ተብላ ትጠየቃለች፤ ስለዚህ በየቀኑ ራሷ ትሮጣለች። ሃምሳ ሁለት ዓመቷ ነው፣ ጉልበቷ ደግሞ ዝናብ ሲመጣ ከሬዲዮ ቀድሞ ይነግራታል።

"ለሳቸው ለራሳቸው ንገሪያቸው" አልኳት አንድ ቀን፣ ጉልበቷን በሙቅ ፎጣ ስታሽ አግኝቻት።

"ምን ብዬ? 'መምህር፣ ጭንቅላትዎ እየሄደ ነው' ልበላቸው? አንተ ንገራቸዋ ጎበዝ ከሆንክ።"

እኔ ጎበዝ አይደለሁም።

በነሐሴ መጀመሪያ ወይዘሮ ሜንግ ሐብሐብ አስቆርጠው ይዘውልን መጡ። ደግ ሴት ናቸው፣ ግን ልባቸው ከወረቀት ጋር ነው። ተውኔቱ እሑድ ያልቃል፤ ሦስት ወር ለማራዘም አስበዋል።

"መምህር ፕዮ ሦስት ወር ይችላሉ ወይ ብዬ ስጋት ገብቶኝ ነበር" አሉ፣ የሐብሐብ ፍሬ በእጃቸው እየለቀሙ። "ወረቀትሽን አንድ በአንድ አየሁት፤ አንድ ጥፋት የለባቸውም። ካልሽ ብዬ ነው የማራዝመው፣ ሚራን።"

ሚራን ሐብሐቧን እንደያዘች ቀረች። እሺም አላለች፣ እምቢም አላለች። ወይዘሮዋ ዝምታዋን እሺ አድርገው ወሰዱት።

ቅዳሜ ከጠዋት ጀምሮ ዝናቡ አላቋረጠም። ሁለተኛው ትዕይንት አለቀ፤ መምህር ፕዮ "ውሃው ደርሷል" አሉ፤ ሚራን "ሂድ" አለችኝ፤ አጠፋሁ። ኮቴዋን ሰማሁ። አንድ፣ ሁለት፣ ከዚያ ዱብ የሚል ድምፅ፣ ከዚያ ዝም። ብረቷ አልጮኸችም። ሄጂን በጨለማው መራመድ እንደጀመረች አውቃለሁ፤ አሥራ አንድ ዓመት ስቆጥር የኖርኩ ሰው ነኝ። በማዳመጫው ሚራን በጭንቅ ድምፅ "ዳልሱ" አለች። ስሜን ብቻ። በእጄ ያለውን መብራት ሁሉ አበራሁት።

ሄጂን አንድ እግሯን አንስታ ክዳኑ ጫፍ ላይ ቆማለች። ከሳፋው የፈሰሰው ውሃ በክዳኑ ዙሪያ ወደ ታች እየገባ ነው። ሚራን በመጋረጃው ሥር በእጇና በደህናው ጉልበቷ እየዳኸች ግማሽ አካሏ ወጥቷል። መምህር ፕዮ ሚራንን አዩ፣ ክዳኑን አዩ፣ እንደገና ሚራንን አዩ። ከዚያ ቀስ ብለው ሄደው መቀርቀሪያውን በተረከዛቸው ገፉትና ለሄጂን "እሳቱን ሳልዘጋ ነው ለካ፤ አሁን እለፊ ልጄ" አሏት። ተመልካቹ የተውኔቱ መስሎት ጸጥ ብሎ ያያል።

ትርኢቱ ሲያልቅ ሚራን ልብስ መቀየሪያው ውስጥ ጉልበቷ ላይ በረዶ አድርጋ ተቀምጣለች። መምህር ፕዮ ሜካፓቸውን ሳያስለቅቁ ገቡና ከፊቷ ቆሙ።

"ስንት ቀን ሆነው?"

"አሥራ ሰባት ቀን፣ መምህር።"

"ቃልስ? ቃልም እዘልላለሁ?"

"ይዘልላሉ።"

ወደ በሩ ዞረው የትናንቱን ወረቀት አዩት።

"ስሚ፣ ሚራን። እኔ ከዚህ ስወጣ ምን እንደሠራሁ አላስታውስም። ከጥር ጀምሮ እንዲህ ነኝ። ጥሩ ሠራሁ ወይስ አበላሸሁ፣ ደረጃውን ሳልጨርስ ይጠፋኛል። ሰው ብጠይቅ 'ግሩም ነበሩ መምህር' ይለኛል። ስለዚህ ያንቺን ወረቀት አነባለሁ። ጥፋት የለም ካለ፣ ገና ነኝ እላለሁ፤ ቀኔ ሲደርስ ሚራን ትጽፈዋለች፣ ያኔ በራሴ እግር እወጣለሁ እላለሁ። እሱን ይዤ ነው ስሠራ የከረምኩት። ልጅቷ ብትሞትስ ኖሮ?"

ሚራን አለቀሰች። በአሥራ አንድ ዓመት አይቼው የማላውቀውን ልቅሶ፣ አፏን ሳትሸፍን። "አዝኜልዎት ነው" አለች።

"አውቃለሁ" አሉ። ቁጣ አልነበረባቸውም፤ ደክሟቸው ነበር። ወንበር ስበው ከጎኗ ተቀመጡና እስክሪብቶዋን አቀበሏት። "ጻፊ። ከመጀመሪያው ቀን ጀምረሽ።"

አሥራ ሰባቱን ቀን ጻፈች። ቀኑን፣ የተዘለለውን መስመር፣ መቀርቀሪያውን፤ ሁሉንም ይዛው ኖሯል። እሳቸው እያንዳንዱን ገጽ መነጽራቸውን አድርገው አነበቡ። አንዱ ጋ ሲደርሱ "ይቺን እንኳ ጥሩ አድርጌ ነበር የመሰለኝ" አሉ። በመጨረሻው ገጽ ግርጌ ሚራን "ይህን ሁሉ አውቄ አልጻፍኩም። ጥፋቱ የራሴ ነው" ብላ ፈረመች።

ወይዘሮ ሜንግ ሲያነቡ ፊታቸው አመድ መሰለ። ማራዘሙ በሌላ ተዋናይ እንዲሆን ተወሰነ። ሚራንን አላባረሯትም፤ "አንቺን እንኳ ማመን ካቃተኝ ማንን ላምን ነው?" ብለው ብቻ ወጡ። ብትባረር የሚሻላት ይመስለኛል። መምህር ፕዮ እሑድን ብቻ ልጨርስ ብለው ለመኑ፤ አንድ ሰው ከክዳኑ ሥር ቆሞ እንዲጠብቅ ተደርጎ ተፈቀደላቸው።

እሑድ ሁለተኛው ትዕይንት ሲያልቅ እጄ ቁልፉ ላይ ሆኖ ጠበቅኩ። መምህር ፕዮ ክዳኑን ሳቡ። ቆም አሉ። ሚራን በማዳመጫው ትንፋሿን ያዘች፣ እኔም ያዝኩ። ተረከዛቸውን አነሱ፤ ብረቷ ቀጭ አለች። "ውሃው ደርሷል" አሉ። ቀሪውን ሲሠሩ አንድ ቃል አልጎደለባቸውም። ተመልካቹ ቆሞ አጨበጨበላቸው።

ሚራን እያነከሰች ወረቀቷን ጽፋ ለጠፈች፦ "ዘጠኝ ሰዓት ተጀመረ። አሥር ሰዓት ከሠላሳ ስምንት አለቀ። መምህር ፕዮ መቀርቀሪያውን ዘጉ። የተዘለለ ቃል የለም።" መምህር ፕዮ ጃንጥላቸውን ይዘው መጡና እንደ ልማዳቸው እጃቸውን ግድግዳው ላይ አድርገው አነበቡ። ሁለት ጊዜ አነበቡት። መነጽራቸውን አወለቁ። ሚራን አጠገባቸው ቆማ የተረፈውን ፕላስተር እየጠቀለለች ነበር። እሳቸው ግን ወደ እኔ ዞሩ።

"ዳልሱ" አሉኝ ቀስ ብለው፣ "እውነት ነው?"

"እውነት ነው፣ መምህር። እኔም አይቻለሁ።"

ራሳቸውን ነቀነቁ፣ ሁለታችንንም ጎንበስ ብለው ተሰናበቱና ደረጃውን ያዙ። ሚራን እጇ ፕላስተሩ ላይ እንደቆመ ቀርቷል። በሃያ ስምንት ዓመት ውስጥ ስለ ወረቀቷ ሌላ ሰው ሲጠየቅ ስትሰማ ያ የመጀመሪያዋ ነበር።