የአባቴ ዓሦችና ሶኬቱ

አባቴ ከጅዳ ሲመለሱ፣ እንደ ሰው አባት ብርድ ልብስና ፌርሙዝ ይዘው ይመጣሉ ብለን ስንጠብቅ ዓሣ ይዘው መጡ። ወላሂ፣ ዓሣ! አየር በተነፋ ላስቲክ ውስጥ የሚርመሰመሱ ጥቂት ባለ ቀለም ዓሦችና፣ ሕይወት አለው የተባልኩት አንድ የባሕር ድንጋይ። እኛ ጎንደር ላይ የምናውቀው ዓሣ ከጣና መጥቶ መጥበሻ ላይ የሚያርፈውን ነው። ጎረቤቱ ሁሉ መጥቶ አየና፣ ሰውዬው ደህና አይደሉም ብሎ ሄደ።

አባቴ ጅዳ ላይ ያረጁት የሰው ዓሣ ሲንከባከቡ ነው። የሄዱት እኔ ገና ሳልድህ ነበር። እናቴ እሳቸውን ስትጠብቅ አለፈች፤ አዲስ ዓለም ሰፈር ያለው ቤታችን ውስጥ የቀረሁት እኔ ብቻ ነኝ። ስለዚህ አባት ያገኘሁት ጸጉሬ መሸበት ከጀመረ በኋላ ነው። በዚህ ዕድሜ ያገኙት አባት ደግሞ ያሳሳል። ገና ሳልጠግባቸው አንድ ነገር ይሆኑብኛል የሚል ፍርሃት ከመጡበት ቀን ጀምሮ ያዘኝ።

ፍርሃቴ ደግሞ ያለ ምክንያት አልነበረም። ሳሎኑን ያየ ሰው ወፍጮ ቤት የገባ ነበር የሚመስለው። አንዱ ፓምፕ ዓሦቹ ያሉበትን የመስታወት ገንዳ ውሃ ያዘዋውራል። ሌላው ከሰል በተሞላ ቱቦ ውስጥ ውሃ ይገፋል። ሦስተኛው ዝገት የሚመስል ደቃቅ ጠጠር ባለበት ቱቦ ያሳልፋል። ከሰሉ ሽታና ቀለም ይይዛል፣ ጠጠሩ ደግሞ ውሃውን አረንጓዴ የሚያደርገውን ነገር ይመጥጣል ብለው አስረድተውኛል። ሁለቱ ቱቦዎች ከገንዳው ሥር መሬት ላይ ቆመዋል፤ ከነሱ ወደ ላይ የሚወጣውና የሚወርደው ጎማ፣ መገጣጠሚያው፣ ማሰሪያው ለጉድ ነው። በየመገጣጠሚያው ጠብ ይላል፤ ጠብ ያለው ሲደርቅ ነጭ ጨው ይጋግራል። የኤሌክትሪክ ማከፋፈያውም እዚያው ሥር፣ ከጨዋማው እርጥበት አጠገብ፣ ጢዝ ይላል። እሳቸው ደግሞ እጃቸውን እስከ ክርናቸው ገንዳው ውስጥ ከትተው ድንጋይ ያስተካክላሉ። ከሳሎኑ ጎን ያለችው ሱቄ ውስጥ ቁጭ ብዬ ጨርቅ ስለካ ጆሮዬ ሳሎን ነው የሚውለው።

ሶኬቱን ነቅለው ይሥሩ እላለሁ። አይሆንም ይላሉ። የማይሆንበትን ምክንያት ደግሞ እኔም አውቀዋለሁ፤ አብረን አይተነዋልና።

በመጡ ሰሞን መብራት ጠፋና ሳይመጣ ዋለ፣ አደረም። ከሰሉና ጠጠሩ ውስጥ የቆመው ውሃ ታፍኖ ሸተተ፤ የተበላሸ እንቁላል ነው የሚሸተው። ሌላ አገር ያለ ሰው ያንን ውሃ ሳያስብ ይደፋው ነበር። ጎንደር ላይ ግን ውሃ አይደፋም። በፈረቃ የሚመጣ ውሃ በበርሚልና በጀሪካን ጠብቀን የምንኖር ሰዎች ነን፤ እቃ ያጠብንበትን እንኳ ለሽንት ቤት እናስቀምጣለን። ያ ውሃ ደግሞ ጨው የተበጠበጠበት ነው፤ ጨዉ ከጅቡቲ በሰው በሰው ነው የሚመጣው። አባቴ ዞር ብለው አዩኝ፣ እኔም አየኋቸው። ማጣሪያ ውስጥ ያለ ውሃ ነው፣ ራሱ ያጠራዋል ተባባልን። መብራት ሲመጣ ፓምፖቹ ያንን የሸተተ ውሃ እንዳለ ገንዳው ውስጥ ገፉት። ለመግሪብ ሶላት ሳንደርስ ሰማያዊዎቹ ዓሦች በጎናቸው ተንሳፈፉ። አባቴ ምግብ አልቀመሱም። ከዚያ ወዲያ ያንን ሶኬት በገዛ እጃቸው አይነቅሉትም፤ መብራት ኃይል ያጠፋው ይበቃል ይላሉ።

እንግዲህ ነገሩ ይኸው ነው። ከተነቀለ ዓሦቹ ይሞታሉ፤ ካልተነቀለ አባቴ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ መብራት ጠፋ። አልሐምዱሊላህ አልኩ፤ ከተማው ሁሉ ሲያማርር መብራት ሲጠፋ ተመስገን የምል እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም። እፎይ ብዬ መቀሴን አነሳሁ። ብዙም ሳይቆይ የሰፈሩ ልጆች እንደ ልማዳቸው፣ "መጣ!" ብለው በአንድ ድምፅ ጮኹ። የልጆቹ ጩኸት ሳያልቅ ሳሎን ውስጥ አንድ ከባድ ነገር ወደቀ።

እንዴት እንደሮጥኩ አላውቅም። አባቴ መሬት ላይ ተዘርረዋል፤ እጅጌያቸው ውሃ ያንጠባጥባል፣ ጣቶቻቸው ተኮማትረዋል። ልነካቸው ፈራሁ። አባቴን ለመንካት ፈራሁ! ቆጣሪው ጋ ሄጄ ሁሉን ነገር አጠፋሁና ተመልሼ ደረታቸው ላይ ጆሮዬን ለጠፍኩ። ልባቸው ይመታል። ያ ረብ፣ ይመታል። ዓይናቸውን ሲገልጡ ያሉኝ ነገር ወለሉ አዳልጧቸው እንደሆነ ነው።

ያን ጊዜ ደሜ ፈላ። የፈራ ሰው ሲቆጣ ክፉ ነው፤ ገንዳውን ለጣና እሰጠዋለሁ አልኩ፣ ድንጋዩን ለቤት መሠረት አስገባዋለሁ አልኩ፣ ያልተባለ ነገር የለም። ሰምተው ሰምተው፣ ከወደቁበት ቀና ሳይሉ፦

"ነዝሮኝ ያውቃል፣ ልጄ። ብነግርሽ ታስወጫቸዋለሽ ብዬ ነው። እኔ በዚህ አገር ከነሱ ሌላ የማውቀው ሥራ የለኝም" አሉኝ።

"እኔስ? እኔስ ከአንቱ ሌላ ማን አለኝ?" አልኳቸው።

ከዚያ አለቀስኩ።

በማግስቱ ገንዳው ፊት አብረን ተቀመጥን። ቱቦዎቹ ምነው ከሥር ቆሙ ብዬ ጠየቅሁ። ጅዳ እንዲህ ነው የሚሠራው አሉ። ጅዳ መብራት ይጠፋል ወይ አልኳቸው። አይጠፋም አሉ። እንግዲያው ለጎንደር ይሥሩት አልኩ፤ ጣሪያ ላይ ያለው የበርሚላችን ውሃ ቧንቧው ሲከፈት ማንም ሳይገፋው ወደ ታች እንደሚወርድ ሁሉ፣ ይሄም ቱቦ ወደ ላይ ይውጣና መብራት ሲጠፋ ራሱን ያራግፍ። ጢማቸውን ሲያሹ ቆዩ። ከዚያ ተነስተው ጎማውን መፍታት ጀመሩ።

ከሰሉንና ጠጠሩን በአንድ ቱቦ ውስጥ ደራረቡት፤ ቱቦውን ከገንዳው በላይ ግድግዳው ላይ አሰርነው። ፓምፕ አንድ ብቻ ቀረ። እሱ ውሃውን በአንድ ጎማ ወደ ቱቦው ግርጌ ይገፋል፤ ውሃው ከሰሉን አልፎ ከላይ ይወጣና ተመልሶ ገንዳው ውስጥ ይፈስሳል። ፓምፑ ሲቆም ቱቦው ውስጥ ያለው ውሃ በመጣበት ጎማ ወደ ገንዳው ይመለሳል፤ የሚታፈን ነገር አይኖርም። መገጣጠሚያ የሚባለው ሁሉ ሄደ። ሶኬቱም ከወለሉ ተነስቶ ራቅ ያለው ግድግዳ ላይ ተሰካ።

ከዙሁር እስከ ዓሱር ሶላት ነቅለን ሞከርነው። አባቴ ለዓሦቹ ፈርተው ምሳቸውን አልነኩም፤ እኔ ለእሳቸው ፈርቼ አልበላሁም። ስንሰካው አፍንጫቸውን ቱቦው አፍ ላይ ደቅነው የመጀመሪያውን ውሃ አሸተቱ። ምንም አልሸተተም። ሸጋ ነው አሉ፣ ሌላ አልጨመሩም።

ቢሆንም ፍርሃት እንደ ጎማ ተፈትቶ አይጣልም። ከዚያ በኋላ አባቴ እጃቸውን ገንዳ ውስጥ በከተቱ ቁጥር ሱቁን ዘግቼ እገባለሁ፤ ሶኬቱን እነቅልና በእጄ ይዤ አጠገባቸው እቆማለሁ። ይስቁብኛል። ኮረንቲ ነው ወይስ በግ፣ ገመዱን ይዘሽ የቆምሽው ይሉኛል። ይሳቁ።

አንድ ቀን እንደዚሁ ቆሜ ሳለሁ፣ መብራት ጠፍቶ የነበረበት ሰዓት ነው፣ ውጭ ልጆቹ፣ "መጣ!" ብለው ጮኹ። የአባቴ ክንድ ውሃው ውስጥ እንዳለ ደረቀ። አልሳቁም። ወደኔ ዞሩ፤ እኔ ሁልጊዜ የምፈራውን ፍርሃት ፊታቸው ላይ አየሁት።

"እጅሽ ላይ ነው?" አሉኝ።

"እጄ ላይ ነው፣ አባባ።"

ጭብጤን ከፍቼ አሳየኋቸው። የሶኬቱ ጥርሶች መዳፌ ላይ ምልክት አውጥተዋል። ያንን ካዩ በኋላ ነው ድንጋያቸውን ማስተካከል የቀጠሉት።