በመስኮት የወጣ የሰንበት ዳቦ

አርብ ከሰዓት ከጦር ሰፈር ስመለስ፣ የረሆቮት ባቡር ጣቢያ በር ላይ ዝናብ ያበሰበሰው ውሻ አጠገቤ መጥቶ ሰውነቱን አራገፈ። ሰው ሁሉ ሸሸ። እኔ ግን የእርጥብ ጠጉሩ ሽታ ያዘኝና ቆሜ ቀረሁ። አባ ፈንታ ትዝ አሉኝ።

አባ ፈንታ ከሕንጻችን ሥር፣ ከባለቤታቸው ከእማ ዘውዲቱ ጋር የሚኖሩ ጎረቤታችን ነበሩ። ከጎንደር ይዘውት የመጡትን የአይሁድ ሥርዓት ዝንፍ የማያደርጉ፣ ቁጡ ሰው። አሥር ዓመት ገደማ ሳለሁ አልቅሼ አልቅሼ ባለቤት ያጡ ውሾች ከሚጠለሉበት ቦታ አንዲት ውሻ አስመጣሁ። እናቴ «ከቤቴ አትገባም!» ስትል፣ ማንም ሳይጠብቅ ግቢያቸውን የሰጡኝ እሳቸው ናቸው። በመልኳ ዳማ ብለው ስም አወጡላት። ደንባቸው ግን አልተለወጠም። ዳማ ደፉን አታልፍም፤ እሳቸውም ከነኳት በግቢው ቧንቧ በሳሙና ታጥበው፣ ልብስ ቀይረው ነው የሚገቡት። እኛ ልጆች እንስቅባቸው ነበር፤ እሳቸው ደንታም አልነበራቸውም።

ዳማ ሰው ትፈራለች። እጅ ከፍ ሲል ካየች የግቢው ሎሚ ዛፍ ሥር ትወሸቃለች። አባ ፈንታ አላባበሏትም። በየቀኑ በዚያው ሰዓት ሳህኗን ያስቀምጡና ነጭ የፕላስቲክ ወንበራቸው ላይ ፊታቸውን አዙረው ዝም ይላሉ። እያደር እግራቸው ሥር መተኛት ጀመረች። ከሌላ ሰው እጅ፣ ከኔም ጭምር፣ አትበላም ነበር። ቅናት አንጀቴን በላው።

ከዚያ ታመመች። ምግብ ተወች፣ ድዷ ነጣ፣ አንድ አርብ ጠዋት ደግሞ ከአፍንጫዋ ደም ፈሰሰ። ከአባቴ ጋር ሐኪም ዘንድ ወሰድናት። የመዥገር በሽታ ነው አለን፤ መጠለያው ከመግባቷ በፊት የያዛት ሳይሆን አይቀርም። መድኃኒቱ ጠዋትና ማታ፣ ከምግብ ጋር ነው። ካልበላች አትተርፍም አለ።

ማታ ሰንበት ሊገባ ሲል ያቀረብኩላትን ዶሮ ፊቷን አዞረችበት። አባ ፈንታ ታጥበው፣ ነጭ ለብሰው ደጃፍ ላይ ቆመው ነበር። ሰንበት ከገባ በኋላ መታጠብ በእሳቸው ሥርዓት ክልክል ነው፤ አሁን የነካት ሰንበት እስኪወጣ ደጅ መቅረቱ ነው። እንባዬን አዩ። እጅጌያቸውን ሰብስበው መሬት ላይ ተቀመጡ፤ መድኃኒቱን ሥጋው ውስጥ ሸሽገው በትንሽ በትንሹ አጎረሷት።

እማ ዘውዲቱ በመስኮት ብቅ አሉ። «አንቱ ሰው፣ ሰንበት ገባ እኮ! ነክተዋት እንዴት ሊገቡ ነው?»

«አልገባም።»

«ሰንበትን ደጅ?»

«ነገ ጠዋትስ ማን ያጎርሳታል?» አሉ አባ ፈንታ። ወደኔ ዞረው፣ «ቤሰደር ልጄ፣ ግድ የለም፣ አንቺ ግቢ» አሉኝ።

እማ ዘውዲቱ ጸሎቱ ሲያበቃ የሰንበቱን ዳቦ ቆርሰው፣ እጃቸው የባላቸውን እጅ እንዳይነካ መስኮቱ ደፍ ላይ አኖሩላቸው። አባ ፈንታ ያንን ሰንበት ብርድ ልብስ ደርበው ወንበሩ ላይ አሳለፉት። ዳማ ተረፈች።

አባ ፈንታ ካረፉ ሁለት ክረምት ሆነ። ዛሬ ከጣቢያው ግቢያቸው ስደርስ ዳማ፣ አፏ ሸብቶ፣ ከነጩ ወንበር ሥር ተኝታለች። እማ ዘውዲቱ መስኮቱን ከፍተው ዳቦ ቆረሱ። ደፉ ላይ የሚያኖሩት መስሎኝ ነበር። ዳማን ጠርተው፣ እጃቸውን ዘርግተው አጎረሷት።

ከዚያ በቀስታ ወደ ግቢው ቧንቧ መጡና፣ ሰንበት ሳይቀድማቸው በሳሙና ታጠቡ።