የፍልሰታው አክታ

ባለፈው ሳምንት በንፋስ መውጫ በአንድ አዳራሽ ውስጥ ስለ ላብራቶሪ ባለሙያዎች የዕድገት መሰላል ውይይት ተደርጎ ነበር። ውጭ ባጃጆች ይጮኻሉ፤ ውስጥ ተናጋሪው ስለ ደረጃ፣ ስለ ማዕረግና ስለ ትምህርት ዕድል ረጋ ብሎ ያስረዳል። ከኋላ በኩል አንዲት ገና የተመረቀች ወጣት ተነሣችና «ነርሷ ሲስተር ትባላለች፤ መድኃኒት የሚያድለውን ሳይቀር ሕዝቡ ዶክተር ይለዋል። እኔን ግን ‹ያቺ ደም ቀጂ የለችም እንዴ?› እያሉ ነው የሚፈልጉኝ። መሰላሉ ላይ ስንወጣ ማን ተብለን ልንጠራ ነው?» አለች። አዳራሹ ሳቀ። እኔም ልስቅ ስል ጋሼ አስማረ ፊቴ ላይ ድቅን አለብኝ።

ሥራ የጀመርሁት በስማዳ፣ ከወገዳ ብዙም በማይርቅ አንድ ጤና ጣቢያ ነው። ከኮሌጅ በወጣሁበት ዓመት፣ ሻንጣዬ ከልብስ ይልቅ በመጻሕፍት ከብዶ፣ በዚያ ወገብ በሚሰብር መንገድ በአይሱዙ ላይ ተጭኜ ደረስሁ። ላብራቶሪው በሕንፃው መጨረሻ ያለ ክፍል ነበር፤ አንድ መስኮት፣ አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ ማይክሮስኮፕ፣ አንድ ሰው። ሰውየው ጋሼ አስማረ ነው። ረጅም፣ ቀጭን፣ ከመናገሩ በፊት የታችኛውን ከንፈሩን የሚነክስ። በዲፕሎማ የገባበትን ሥራ በዲፕሎማው እየሠራ፣ ከእርሱ በኋላ የመጡት ሁሉ እየተማሩ ሲያልፉት ያየ ሰው ነበር። ለዲግሪ ትምህርት ባመለከተ ቁጥር የሚሰጠው መልስ አንድ ነው፤ «አንተ ከሄድህ ማን ይተካሃል?»

በገባሁበት ቀን እጄን በሁለት እጁ ይዞ «እንኳን መጣህልኝ! አንተ ለኔ ሰው አይደለህም፣ ፈቃድ ነህ» አለኝ። ቀልዱ ቀልድ ብቻ አልነበረም። ለትምህርት የሚላክ ሰው ሊያልፈው የማይችል የዕድሜ ጣሪያ ተወስኖ ነበርና፣ በሚቀጥለው ዓመት ጋሼ ከጣሪያው በላይ ይሆናል። በዚያ ዓመት ካልተላከ ከዚያ ወዲያ አይላክም። ይህን በጤና ጣቢያው የማያውቅ አልነበረም፤ ዘበኛው እንኳ ጧት በር ሲከፍትለት «ተማሪው መጣህ?» ይለው ነበር።

ብዙ ጊዜ ያንን ክፍል በቤተ ክርስቲያን ምሥራቅ ካለችው ትንሽ ቤት፣ ከቤተልሔም ጋር አመሳስለው ነበር። ኅብስቱ የሚጋገረው እዚያ ነው። ሕዝቡ ግን ካህኑ ከመቅደስ ይዞት ሲወጣ እንጂ ሲጋገር አያየውም፤ የጋገረው ማን እንደሆነም አይጠይቅም። ልዩነቱ፣ የቤተልሔሙ ዲያቆን ስምም ክብርም አለው። የእኛ ሥራ ውጤት ግን በሐኪሙ አፍ ተነግሮ የሐኪሙ ይሆናል፤ ስሕተት ሲገኝ ብቻ ባለቤቱ ይፈለጋል።

በዚያ ዓመት ክረምቱ በርትቶ ነበር። ፍልሰታ ሲገባ እኔን ለወባ ዘመቻ ወደ ቆላው ቀበሌ ላኩኝና ጋሼ ብቻውን ቀረ። የዚያን ሰሞን ነገር እንግዲህ በኋላ ከራሱ አንደበት የሰማሁት ነው። የገበያ ቀን ነው። በር ላይ በትኩሳት የሚንቀጠቀጥ ሰው በሰው ላይ ተደራርቧል። ጉሙ መስኮቱ ድረስ ወርዶ፣ መብራትም ጠፍቶ፣ የማይክሮስኮፑ መስተዋት የሚለቅመው ብርሃን እንኳ አልነበረም። በዚህ መካከል ቄስ ሞላ የሚባሉ የገጠር ካህን በበቅሎ መጡ፤ በቅሎዋን የሚስበው ታናሽ ወንድማቸው ተገኘ ነው። ሐኪሙ የቄሱን ሳል ሰምቶ የሳንባ ነቀርሳ እንዳይሆን ጠረጠረና አክታቸው እንዲመረመር አዘዘ። ጋሼም የአክታውን ዕቃ ሰጣቸው። «ከሕንፃው ጀርባ፣ ነፋሱ ዘንድ ይሂዱ አባቴ። ከደረትዎ ስበው ይትፉልኝ» አላቸውና ወደ ሰልፉ ተመለሰ።

በአገራችን የቆረበ ሰው ምራቁን አይተፋም፣ ደሙ አይፈስስም፣ ወንዝም አይሻገርም። በፍልሰታ ደግሞ ሕፃን ሽማግሌው ይቆርባል፤ ዕለት ዕለት የሚቀድስ ካህን እስከ ጾሙ ፍቺ ድረስ ምራቁን የሚተፋበት ሰዓት የለውም። ጋሼ ይህን ያውቃል፤ የዲያቆን ልጅ ነው። ግን ያን ቀን፣ በዚያ ሰልፍና በዚያ ዝናብ፣ አላሰበውም። ዕቃው ተመልሶ መጣ፤ በማግሥቱም ተገኘ ካደሩበት ቤት የጧቱን አክታ ይዞ መጣ። ሁለቱም ተመረመሩ፤ ምንም አልተገኘባቸውም። ለቄሱ የሳል ሽሮፕ ተሰጣቸውና በበቅሏቸው ተመለሱ።

በጥቅምት ወሬው ደረሰ። ቄስ ሞላ ደም እየተፉ ሆስፒታል ገብተዋል፤ የሳንባ ነቀርሳ ነው፤ ከቆየም ሰንብቷል። የጤና ጣቢያው ኃላፊ ጋሼን አስጠርቶ «የካህን ነፍስ በእጅህ ነበረች» አለው። በዚያው ሳምንት የትምህርቱን ዕድል የሚሰጠው ኮሚቴ ሊሰበሰብ ቀጠሮ ይዟል።

አክታው የተቀባባቸው የመስተዋት ስላይዶች በሣጥን ይቀመጡ ነበርና ሁለታችን አውጥተን ዳግመኛ አየናቸው። ሰማያዊ ብቻ ነው። የነቀርሳው ምልክት የሆኑት፣ መኖር የነበረባቸው ቀያይ ዘንጎች የሉም። ተራ በተራ እየተለዋወጥን እስኪደክመን አየን። ጋሼ ከንፈሩን ነከሰ፤ ቆይቶም «በፍልሰታ…» አለ። ወዲያው ፊቱ ተለወጠ። «ተነሥ፣ ልንሄድ ነው» አለኝ።

የቄሱ መንደር በእግር የግማሽ ቀን መንገድ ነው። ገብሱ ታጭዶ ምድሩ ወርቃማ ሆኗል፤ ጭቃው ደርቆ የከብት ኮቴ እንደ ማኅተም ተቀርጾበታል። ጋሼ ከፊት ከፊት ይራመዳል። አንድ ቦታ ላይ ዘወር ሳይል «ተገኘ ብቻ እውነቱን ይናገር እንጂ፣ ሌላ ምንም አልፈልግም» አለ። ተገኘን ያገኘነው አውድማ ላይ በሬዎቹን ሲያበራይ ነው።

«እናንተ የሐኪም ሰዎች! ለቄሱ መድኃኒት ይዛችሁ ነው?» አለ። ጠላ በቅል፣ ቆሎ በሰፌድ ቀረበልን።

«አይደለም፣ አያ ተገኘ» አለ ጋሼ። «በፍልሰታ ያን አክታ ማን ነው የተፋው?»

ተገኘ አለንጋውን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ ሳቀ። «ማን ሊተፋው ነው? እኔ ነኛ!»

«ሁለቱንም ጊዜ?»

«ሁለቱንም። ምነው፣ ቄሱ ቆርበዋል እኮ! ሥጋውን ደሙን የተቀበለ አፍ እንዴት ይትፋ? ዕቃዋን ይዘው ግራ ቢገባቸው ‹ወዲህ በሉት› አልሁና እህ ብዬ ተፋሁላቸው። ያው የአንድ ቤት አክታ ነው። ባንድ መሶብ እንበላለን፣ አንድ እሳት እንሞቃለን፣ ያንድ አባት ልጆች ነን። ምን ይለየዋል?»

«እሳቸውስ ምን አሉ?»

«‹እግዜር ይስጥህ› አሉኝ።»

ጋሼ ገለባው ላይ ቁጭ አለ። ጠላውን ሳይቀምስ መልሶ አስቀመጠው። «ይለያል፣ አያ ተገኘ» አለ በመጨረሻ። «የቄሱ ሳንባ ሌላ ነው፤ ያንተ ሳንባ ሌላ ነው።»

«እኔ በምን አውቄ! አንተስ ብትሆን፣ በዚያ መነጽርህ የማንን እንደምታይ አታውቅም ኖሯል?» አለና ቀልዱ ፊታችን ላይ ሲሞት አይቶ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «አጠፋሁ እንዴ?»

ነገሩን አስረዳነው። ተገኘ ሰምቶ ሲጨርስ አለንጋውን ለልጁ ሰጠና ጋቢውን ለበሰ። «እናገርልሃለሁ። በማርያም፣ ማንም ፊት እናገርልሃለሁ» አለ። ስንመለስ ጋሼ ከመምጫው ይልቅ ቀለል ብሎት ነበር፤ ስለሚማርበት ከተማ፣ ስለሚከራየው ቤት ሳይቀር አወራኝ። ሰውን ከተስፋ በላይ የሚያስቸኩለው ነገር የለም።

ኮሚቴው ፊት ተገኘ ጋቢውን ከትከሻው ዝቅ አድርጎ ቆመ። ሰብሳቢው ከወረዳ የመጣ ሰው ነው፤ የጤና ጣቢያው ኃላፊ አጠገቡ ተቀምጧል።

«የተፋሁት እኔ ነኝ» አለ ተገኘ። «ይህ ሰው ያየው የኔን ነው፤ የኔም ንጹሕ ነበር። እንግዲህ ዓይኑ ምን አጠፋ?»

ሰብሳቢው ወደ ጋሼ ዞረ። «አክታው ሲሰጥ አጠገባቸው ነበርህ?»

«አልነበርሁም። ዝናብ ነበር፤ በሩ በበሽተኛ ተጨናንቆ ነበር፤ ብቻዬን ነበርሁ።»

«የማን እንደሆነ ሳታረጋግጥ መረመርህ ማለት ነው።»

ጋሼ ከንፈሩን ነከሰ። «አዎ።»

«ይህማ ከፊተኛው የባሰ ነው። አይቶ መሳሳት የማንም ነው፤ ቸልተኝነት ግን ሌላ ነገር ነው።» ኃላፊው ራሱን ነቀነቀ። ልናገር ተነሣሁ፤ የኮሚቴው አባል አለመሆኔን አስታውሰው አስቀመጡኝ።

«ስለ ትምህርቱ አልከራከርም» አለ ጋሼ። ድምፁ የራሱ አይመስልም ነበር። «አንድ ነገር ብቻ ይባልልኝ። ያየሁትን በትክክል እንዳየሁ። ይህን ብቻ።»

«ያው ነው፣ አስማረ። ቄሱ ሳይታከሙ ቀርተዋል።»

«ያው አይደለም» አለ።

ሰብሳቢው ወደሚቀጥለው ጉዳይ፣ ወደ ጤና ጣቢያው አጥር እድሳት አለፈ። ሰብሳቢው ስለ ቸልተኝነቱ የተናገረው ሐሰት እንዳልነበረ ዛሬም አምናለሁ። ግን አንድን ሰው ለሦስት ሰው ሥራ ብቻውን ያቆመው ማን እንደሆነ በዚያ ጠረጴዛ ዙሪያ የጠየቀ አልነበረም፤ የሚጠየቅም አይመስላቸውም ነበር።

ውጭ ፀሐዩ የጥቅምት ፀሐይ ነው፣ ጥርት ያለ። ተገኘ ደጅ ቆሞ ጠበቀን። «ነገርህን ገደልሁት መሰለኝ፣ ወንድሜ።»

«እውነቱን ነው የተናገርህ።»

«እውነትማ ካላዳነ ምን ያደርግልኛል?» አለና ሳለው። ጋቢውን አፉ ላይ አድርጎ፣ ጎንበስ ብሎ፣ ደጋግሞ ሳለ።

ጋሼ አየው። «ከመቼ ወዲህ ነው?»

«ተወው፣ ይቺ የአውድማ ገለባ ናት።»

«ና ወዲህ።»

ዕቃ ይዞ ወደ ባሕር ዛፎቹ ወሰደው። በመስኮቱ አያቸው ነበር፤ ተገኘ ጎንበስ ብሎ ሲተፋ ጋሼ እንደ ነፍስ አባት አጠገቡ ቆሟል። ተመልሶ ስላይዱን ሠራ፤ ቀባ፣ በእሳት አሞቀ፣ አጠበ፣ አደረቀ። ከአንድ ሰዓት በፊት የዕድሜውን ምኞት የተነጠቀ ሰው መሆኑን ከእጁ ማንበብ አይቻልም ነበር። መስተዋቱን ወደ ፀሐይ አዙሮ ዓይኑን ደፋ። ከዚያ ተነሥቶ ወንበሩን ለቀቀልኝ። በሰማያዊው ላይ ቀያይ ዘንጎች እዚህም እዚያም ተበትነዋል።

ተገኘ በሩ ላይ ቆሞ ፊታችንን ሲያይ ገባው። «አሁንስ የኔው መሆኑን አየህ?» አለ።

«አየሁ» አለው ጋሼ። «መድኃኒቱ ወራት ይፈጃል፤ ግን አንድ ቀን ሳታጓድል ከዋጥኸው ትድናለህ። ልጆችህንም ነገ ይዘህልኝ ና።»

ተገኘ ዳነ። ቄስ ሞላ ግን ከሆስፒታል ቢመለሱም ለቅዳሴ የሚሆን ድምፅ አልተረፈላቸውም፤ ሁዳዴ ሳይፈታ አረፉ። በማግሥቱ ዓመት የትምህርቱ ዕድል ለእኔ ደረሰ። «አስማረ ስላለ ሥራው አይቆምም» ነበር ያሉት። ሻንጣዬን እስከ መኪናው የተሸከመልኝ እርሱ ነው። «ስትጨርስ ወደዚህ እንዳትመለስ» አለኝና የአይሱዙውን በር በመዳፉ መታ።

ባለፈው ሳምንት ከንፋስ መውጫው ውይይት እንደወጣሁ፣ አዳራሹ ደጃፍ ላይ ቆሜ ደወልሁለት። ረጅም ጊዜ ጠርቶ አነሣው። የሰማሁትን ሁሉ በአንድ ትንፋሽ ነገርሁት፤ አዲስ መሰላል ሊወጣ ነው፣ ማዕረጋችን ሊሻሻል ነው፣ የአገልግሎት ዘመንም ሊቆጠር ነው አልሁት።

«የዕድሜው ጣሪያስ?» አለኝ።

«እርሱ አልተነሣም፣ ጋሼ።»

ከወዲያ በኩል የሰው ድምፅ፣ የወንበር መንኳኳት ይሰማል። «መልካም ነው። ለእናንተ መልካም ነው» አለ። «በኋላ ደውልልኝ፤ ሰው ቆሟል።»

የተዘጋውን ስልክ ይዤ ቆምሁ። ዘግይቶ የሚመጣ ዕውቅና በቀብር ላይ እንደሚነበብ የሕይወት ታሪክ ነው፤ ለቀስተኛው ሁሉ ይሰማዋል፣ ባለቤቱ ብቻ አይሰማውም። የጋሼ ግን ከዚህም ይከፋል፤ እርሱ በሕይወት ቆሞ፣ ነጭ ጋውኑን ለብሶ፣ ለሌሎች ሲነበብ ይሰማል።

መሸ፤ በኋላም አልደወልሁለትም። የምነግረው ቀሪ ነገር አልነበረኝም።