ዝግባውን ያዳነው ክስ

የጃንሆይ ዘመን ሊያከትም ጥቂት ሲቀረው፣ ከአዲስ አበባ አንድ የደን ባለሙያ ዛፍ ሊመዝን ቡታጅራ መጣ። እውነቴን ነው፣ ዛፍ። እኔ እዚያው አስተማሪ ነበርኩና ትምህርት ቤት ሲዘጋ አስተርጓሚ ሆኜ ተቀጠርኩለት። ሚዛኑን የተዋሰው ከበርበሬ ነጋዴ ስለነበር፣ ቅርንጫፍ በተጫነ ቁጥር ያስነጥሰዋል፤ ገበሬው «ይማርዎ» ይላል፤ ሳይንሱም በዚሁ ይቀጥላል።

ሰውየው ማወቅ የፈለገው ዓመቱን ሙሉ ቅጠላቸው የማይረግፍ የአገራችን የመስቃን ዛፎች፣ ሥሮቻቸው ሳይቆጠሩ፣ ምን ያህል እንደሚከብዱ ነበር። ቀጫጭኖቹን እያስቆረጠ መዘነ። ከዚያ ወፍራም ዛፍ አስፈለገውና ዓይኑ አባቴ ደጅ ያለው ዝግባ ላይ አረፈ።

«አንዱን ቆርጠን ከመዘንን የሌሎቹን ክብደት ውፍረታቸውን ብቻ ለክተን እንገምታለን» አለ።

የአባቴ ታናሽ ወንድም፣ ምላሱ የማያርፈው አጎቴ፣ በመስቃንኛ «የእኔን ክብደት ለማወቅ ወንድሜን ያርደዋል ማለት ነው?» አለ። ይህን አልተረጎምኩም።

አባቴ ያን ዝግባ ከእኛ ከልጆቹ አስበልጦ ይወደው ነበር። ባለሙያው ግን ከአውራጃ ማኅተም ያለበት ወረቀት ይዟል፤ ማኅተም ደግሞ እምቢ አይባልም። መውጫው አንድ ነው፤ ክርክር የተነሳበት ንብረት ሽማግሌ እስኪፈርድ ድረስ አይነካም። አመሻሹ ላይ አባቴ አጎቴን በአጥሩ በኩል ጠራው።

«ነገ ክሰሰኝ።»

«በምን?»

«በዝግባው። የጋራችን ነው በል።»

አጎቴ በሳቅ ሊሞት ደረሰ።

በማግስቱ ሽማግሌዎቹ እዚያው ዝግባው ሥር ተቀመጡ። አጎቴ ተነሥቶ «የአባቴን ዛፍ ለብቻው ዋጠው!» ብሎ ጮኸ። ሲያምርበት! ነገርን ነገር ያነሳዋል ይባል የለ፤ ከዛፉ ወደ ድንበሩ እንሰት፣ ከእንሰቱ እናታቸው ወዳወረሰቻቸው ላም ተሻገረ። ይህ በስምምነታቸው ውስጥ አልነበረም። አባቴ ፊቱ ጠቆረ፤ «ላሟን ያስታመምኩ እኔ!» አለ፤ ከምሩ ነበር። ሽማግሌዎቹ ነገሩ ጣማቸውና ቀጠሮ ሰጡ። በቀጠሮውም ሌላ ቀጠሮ ሰጡ።

ባለሙያው ፍርዱ መቼ እንደሚሆን አስጠየቀኝ። «ምን አስቸኮለው?» አሉኝ። በመጨረሻ ሜትሩን ግንዱ ላይ ጠምጥሞ ለካና የዝግባውን ክብደት በግምት ጽፎ፣ ሚዛኑን ለባለቤቱ መልሶ ሄደ።

አባቴ እየሳቀ አጥሩ ጋ ሄዶ «በቃ፣ ክሱን አንሳ» አለ።

«እንሰቱስ?» አለ አጎቴ።

ያን ቀን የሁለቱንም ጭንቅላት ማጋጨት ነበር ያማረኝ። ከዚያ ወዲያ ሰላም አልተባባሉም። ጃንሆይ ወረዱ፣ ደርግ መጣ፣ መሬቱ የመንግሥት ሆነ፤ እነሱ ግን የማናቸውም ባልሆነ ድንበር ተኳርፈው፣ እያንዳንዳቸው በየፊናቸው ዝግባው ጥላ ሥር እየተቀመጡ አረጁ። አንዱ ሲመጣ ሌላው ይነሳል።

የአባቴን ለቅሶ የተቀመጥነው ዝግባው ሥር ነው። አጎቴ ዘግይቶ መጣ። ማንንም ሳያይ ቀጥ ብሎ ሄዶ ግንዱን አቀፈ፤ እጆቹ ዞረው አልገናኝ አሉት። እሱን ለማስለቀቅ ጠጋ ስል የሚለውን ሰማሁ።

«ምነው ያኔ ሰውየው በቆረጠው» ይላል፤ «ምነው በቆረጠው።»