ማንም ያልሞተበት ድንኳን

ከቢቸና በምወጣበት ቀን ዋዜማ፣ ሞላ ሻንጣዬን በገመድ እያሰረልኝ፣ "አንተ ሰውዬ፣ በስድሳ ሦስት ዓመትህ ነው ከተሜ የምትሆነው?" ብሎ ሳቀብኝ። ሳቁ ግን አልዘለቀም። እኔና ሞላ ሠላሳ ዓመት በአንድ ፖስታ ቤት ጎን ለጎን ቆመን ቴምብር ሸጠናል፣ ደብዳቤ አድለናል፤ ጡረታም የወጣነው አብረን ነው። ባለቤቴ ዓለምነሽ ከሞተች ወዲህ ቤቱ ዋጠኝ። መርካቶ የሚነግደው ልጄ ጌታቸው "አባዬ፣ እኔ እያለሁ ብቻህን ትኖራለህ?" እያለ ሲወተውተኝ እሺ አልኩና ሲነጋ አውቶቡስ ተሳፈርኩ።

የዓባይን በረሃ ወርደን፣ ወጥተን፣ አመሻሹ ላይ አውቶቡስ ተራ ደረስን። እናንተ የቢቸና ሰዎች፣ የቅዳሜ ገበያችንን እያየን ሰው በዛ እንላለን አይደል? ምኑን አይተነው! የመርካቶ ሰው ከየት እንደሚፈልቅ እንጃ፣ አያልቅም። እህል በረንዳ የአገራችን ጤፍ በጆንያ ተደርድሮ ባየው ጊዜ፣ ወንድሜን ያገኘሁ ያህል ደስ ብሎኝ "አንተም ተሰደድክ?" አልኩት። ተሸካሚው "ፋዘር፣ ዞር በሉ!" ብሎ ገፍቶኝ አለፈ።

በዚያ ሁሉ ሰው መሃል ታዲያ ብቸኝነት ሊገድለኝ ደረሰ። ልጄና ሚስቱ ጠዋት ሱቃቸውን ሊከፍቱ ይወጣሉ፣ ሲመሽ ደክሟቸው ይገባሉ። እኔ ግድግዳ ሳይ እውላለሁ። አንድ ቀን አንዱን ባለሱቅ ባርኔጣዬን አንስቼ "እንደምን አደሩ?" ብለው፣ "ምን ፈልገው ነው ጋሼ?" አለኝ። ምን ልፈልግ? ሰላምታ ነው የፈለግሁት! በሁለተኛው ወር ባዶም ቢሆን ቤቴ ይሻለኛል ብዬ ልመለስ ቆረጥኩ።

በዚያው ሰሞን አንድ ረፋድ ላይ ከእህል በረንዳ ጀርባ ድንኳን ተተክሎ አየሁ። ውስጡ ሽማግሌዎች አንገታቸውን ደፍተው ተቀምጠዋል። ለቅሶ ነው አልኩ። እውነቱን ልናገርና፣ የገባሁት ለሟቹ አዝኜ አይደለም፤ ከሰው ጋር መቀመጥ ናፍቆኝ ነው። ነጠላዬን አዘቅዝቄ "እግዚአብሔር ያጽናችሁ" አልኩና ዳር ባለው አግዳሚ ላይ ተቀመጥኩ። እርስ በርሳቸው ተያዩ። ወዲያው ዓለምነሽ ፊቴ ድቅን አለች፤ ለካ ወጉን አድርሼ አላለቀስኩላትም፤ ስቅስቅ ብዬ አለቀስኩ።

አጠገቤ የነበሩት ሀጂ ሸምሱ፣ ዕድሜያቸውን በከባድ መኪና ሾፌርነት ጨርሰው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው፤ እስኪወጣልኝ ጠበቁኝ።

"ማን ሞተብዎ ጋሼ?"

"ባለቤቴ፣ ዓለምነሽ። ዓመት አለፋት። አሁን ግን የመጣሁት የናንተን ለቅሶ ልደርስ ነው።"

"እኛ ጋ የሞተ የለም። የእድሩን ድንኳን ክረምቱ ቀዳዶት እየጣፍነው ነው።"

አንገታቸውን የደፉት መርፌ ይዘው ኖሯል! ምነው መሬት ተሰንጥቃ በዋጠችኝ! ልነሳ ስል ሀጂ እጄን ያዙኝ። መርፌያቸውን አስቀምጠው ብድግ አሉ፤ ሁሉም ተከተሏቸው። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም፣ ዓይተዋት ለማያውቋት ለዓለምነሽ ቆመው ነፍስ ይማር አሉልኝ። ጉድ ነው፣ እንዲህ ያለ ነገር አይቼ አላውቅም።

ከዚያ መርፌ ሰጡኝ። ሀጂ ስፌቴን አገላብጠው አዩና፣ "በዚህ ቀዳዳ ዝናቡ ብቻ ሳይሆን ለቀስተኛውም ይገባል" አሉ። ሳቅሁ፤ ስንት ጊዜዬ ነው ሳልስቅ!

ከዚያ በኋላ ቤት አልዋልኩም። የእድሩ ብረት ድስትና ወንበር የሚቀመጥባት አንዲት የቆርቆሮ ክፍል አለች፤ ጡረተኛው እዚያ ይሰበሰባል። የተሰበረ አግዳሚ ይጠግናል፣ ዳማ ይጫወታል፣ ይሟገታል። የገረመኝን ልንገራችሁ፤ እስከ አራት ሰዓት ያልመጣ ካለ ሁለት ሰው ሄዶ በሩን ያንኳኳል። እኔም አንድ ቀን ጉንፋን ጥሎኝ ስቀር፣ ሀጂ በፌስታል ዝንጅብል አንጠልጥለው ደጃፌ ላይ ቆመው አገኘኋቸው። ዕድሜዬን ሙሉ የሰው ደብዳቤ ሳድል ኖሬ፣ እኔን ፈልጎ የመጣ ሰው ሳይ እንደ ልጅ ሆድ ባሰኝ።

የእድሩ ዳኛ "እንግዲህ ይመዝገቡና አባላችን ይሁኑ፤ የቀበሌ መታወቂያ ብቻ ያምጡ" አሉኝ። ቀበሌ ሄድኩ።

"ከቢቸና መሸኛ አምጥተዋል?" አለችኝ ጸሐፊዋ።

"አላመጣሁም።"

"መሸኛ ከሌለዎት እርስዎ አሁንም ያሉት ቢቸና ነው።"

"ልጄ፣ ይኸው ፊትሽ ቆሜያለሁ!"

"መቆምዎን አይቻለሁ። መኖርዎን ነው የጠየቅሁዎት።"

"እንግዲያው ቢቸና ላለሁት ለእኔ ሰላም በይልኝ" ብያት ወጣሁ።

እሁድ ዕለት ለሞላ ደወልኩ። መሸኛውን ለማውጣት ችግር የለም አለኝ። "ግን ከዚህ እድርም ስምህን ማሰረዝ አለብኝ። ቀባሪህ እዚያ ከሆነ እዚያ ነው እንግዲህ።"

"ከዓለምነሽ ጎን ያለው ቦታስ?"

"ቦታውማ የት ይሄዳል? የሄድከው አንተ ነህ።"

 ሐዘኔን ልሸሽ ብዬ ስለ ሀጂ፣ ስለ ዳማው፣ በር ስለሚያንኳኩት ሰዎች ሳልተነፍስ አወራሁለት። 

"አንተስ ሞላ፣ የት ትውላለህ?"

"ፖስታ ቤቱ በር ላይ እቀመጣለሁ። እስኪዘጉ ድረስ።"

"ከማን ጋር?"

"ከማን ጋር ትላለህ እንዴ? የምውለው ካንተ ጋር ነበር።"

ስልኩን ወደ ሌላው ጆሮዬ አዛወርኩት።

"ታዲያ ላሰርዘው?" አለኝ። እሺም እምቢም ማለት አቃተኝ፤ እስካሁንም አልመለስኩለትም። እናንተ ቢቸና ያላችሁ ግን፣ በፖስታ ቤቱ በር ስታልፉ ሰላም ብላችሁት ብቻ አትለፉ። እባካችሁ፣ አጠገቡ ትንሽ ቁጭ በሉለት።