የልብስ ሰፊዋ ጠረጴዛ ክንፍ

ከእናቷ ጋር የምትኖርበት ቤት ሲወድቅ የእህቴ ልጅ ገና ስድስት ዓመት አልሞላትም ነበር። ዝናቡ አላባራ ያለበት ጊዜ ነው። ግድግዳው ከሥሩ ውሃ ሲጠጣ ሰንብቶ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ድንገት ተቀመጠ። እናቷ፣ ማለትም ታናሽ እህቴ፣ ልብስ ሰፊ ናት። ከስፌት መኪናዋ ዘልላ ተነሥታ ልጅቷ ላይ ተደፋችባት፤ የጣሪያው አግዳሚ ደግሞ እሷ ላይ ወረደ። ጎረቤት ተሯሩጦ ፍርስራሹን ሲያነሣ ሁለቱንም በሕይወት አገኛቸው። ልጅቷ ጭረት እንኳ አልነካትም። የእህቴ ግራ ቅንድብ ግን ተሰንጥቆ፣ ስንጥቁ በዓይኗ ጥግ አልፎ እስከ ጉንጯ ወርዶ ነበር። ሐኪሙ ሰፋላት። ፋሻው ሲፈታ መስታወት አስመጥታ ፊቷን አየችና፣ እኛ ለማልቀስ ተዘጋጅተን ሳለ፣ እኔ ብሰፋው ኖሮ እንዲህ አላጨማድደውም ነበር ብላ ሳቀች።

ልጅቷ ግን አፏ ተያዘ። ጠርተናት ዞር ትላለች፣ አቅርበንላት ትበላለች፤ ቃል አይወጣትም። ሐኪሙ ጉሮሮዋ ደህና ነው፣ ታገሷት አለን።

እኔ አናጢ ነኝ። ከሥራ ቦታዬ ጀርባ ያለችውን ክፍል ለቀቅኩላቸውና ለእህቴ የስፌት ጠረጴዛ ሠራሁላት። አንድ ጎኑ ላይ በማጠፊያ የሚነሣና የሚወርድ ክንፍ አበጀሁለት፤ ሰፊ ጨርቅ ስትቆርጥ ትዘረጋዋለች፣ ስትጨርስ ወደ ታች ታወርደዋለች። ጥሩ እንጨት ነበር፤ ድርና ማጉ የማይታይ፣ እንደ ሳሙና ልም። ክንፉ ሲወርድ ልጅቷ እፊቱ መሬት ላይ ትቀመጥና በእናቷ የጨርቅ ጠመኔ ትስልበታለች። ድመት፣ መቀስ፣ የእኔን መጋዝ። ከሁሉም የሚበዛው የእናቷ ፊት ነበር።

አንድ ቀን እህቴ ጨርቅ ልትዘረጋ ክንፉን አነሣችና የተሳለውን ልትጠርግ እርጥብ ጨርቅ ያዘች። ያኔ ከታች ድምፅ መጣ።

"አታጥፊው።"

እህቴ የዚያን ቀን ጨርቁን አልጋ ላይ ቆረጠችው። እኔ በሩ ላይ ቆሜ ነበር፤ ሁለታችንም ምንም እንዳልተፈጠረ ሆንን፣ እንዳናስደነግጣት። ከዚያ ወዲያ ልጅቷ ቀስ በቀስ ተናገረች፤ ዛሬ ለማስቆምም ይከብዳል። እኔንም እናቷን እየሰማች "ጋሼ" ብላ ለመደች፤ አጎት መሆኔን ያስታወሰው የለም።

ያን ሥዕል እኔም አይቼዋለሁ። የእህቴ ፊት ነው፤ ፀጉሯ፣ አገጯ፣ መርፌ ስትሰካ የምትይዝበት ከንፈሯ ሳይቀር። ጠባሳው ግን የለም። ከዚያም በኋላ፣ አድጋ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ስትገባ እንኳ፣ እናቷን ስትስል ጠባሳውን ስላው አታውቅም። እህቴ ሁሉንም ታያለች፤ ስለዚህ ግን አንድ ቀን አንሥታ አታውቅም።

የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ሳለች ትምህርት ቤቱ ለጥቂት ወራት ውጭ አገር ሄዳ የእንጨት ላይ ህትመት እንድትማር መረጣት። ዜናው ቤታችን ሲደርስ ባለቤቴ፣ ማተሚያ ቤትማ እዚህም ሞልቷል፣ የሠርግ ካርድ ለማተም ነው እንዴ ባሕር የምትሻገረው ብላ ጠየቀች። ልጅቷ እየሳቀች አስረዳችን። ጣውላ ላይ ሥዕል ይቀረጻል፤ ተቆርጦ የወጣው ቦታ ነጭ ይሆናል፣ የቀረው ቀለም ይቀበላል። ወረቀት ይነጠፍበትና በማተሚያው ይጨመቃል። ሥዕሉ ወረቀቱ ላይ ሲወጣ ግራና ቀኙ ይገለበጣል፣ ስለዚህ ቀራጩ ከመጀመሪያው ገልብጦ ማሰብ አለበት። እኔ የእንጨት ሰው ስለሆንኩ፣ ታዲያ ሥዕሉ የቱ ነው፣ ጣውላው ወይስ ወረቀቱ አልኳት። ሰው የሚያየው ወረቀቱን ነው ጋሼ፣ ጣውላውን ማንም አያይም አለችኝ።

ደስታው ግን ሙሉ አልነበረም። በዚያ ዓመት የእህቴ ዓይን ደክሞ ነበር። ሐኪሙ የዓይን ግፊት ነው፣ የሄደው አይመለስም፣ የቀረውን በጠብታ እናቆየዋለን ብሏል። መርፌ ክር ማስገባት ካቃታት ሰንብቷል። ልጅቷ አልሄድም አለች። ስመለስ ሥራዬን ማየት የማትችል ከሆነ ለማን ብዬ ነው የምማረው ብላ ለእኔ ለብቻዬ አለቀሰች። እህቴ ከግድግዳው ወዲያ ሆና ሰምታ ኖሮ ጠራችን። አልተቆጣችም። የጠረጴዛዬን ክንፍ ፍታልኝ አለችኝ።

"ከእንግዲህ ጨርቅ አልቆርጥበትም" አለች። "ጣውላ ያስፈልጋታል አይደል? የልጅነት ሥዕሏን የጠጣ ጣውላ እዚያ አገር የት ታገኛለች?"

ማጠፊያውን ፈታሁት። አንዱን ፊት በመላጊያ አስተካክዬ ለቀረጻ አዘጋጀሁት። ጀርባውን ግን እንዳለ ተውኩት፤ የመቀሷ ጭረት፣ መርፌ የወጋጋው ቦታ፣ የካውያው ትኩሳት ያጠቆረው ጥግ፣ ሁሉም እዚያው ነበር። ልጅቷ በልብሷ መሐል ጠቅልላ ይዛው ሄደች።

ከዚህ በኋላ ያለውን በስልክ ከነገረችንና ስትመለስ ካወራችልን ነው የምጽፈው።

የተማረችበት ወርክሾፕ ድሮ መጋዘን የነበረ አዳራሽ ነው። መሐሉ ላይ ትልቅ የብረት ማተሚያ ቆሟል፤ መዘውሩን የሚያዞረው ሰው እግሩን እንደ ቀዛፊ አስደግፎ ነው። እርጥብ ወረቀት እንደ ታጠበ ልብስ ገመድ ላይ ይሰጣል። የወርክሾፑ ባለቤት አጠር ያለች አሮጊት ናት፤ ጥፍሮቿ ሥር ያለው ቀለም በሳሙና የሚለቅ አይደለም። በዚያ ወርክሾፕ አንድ የማይታለፍ ደንብ አለ። ከአንድ ጣውላ የሚታተመው ስንት እንደሆነ አስቀድሞ ይወሰናል፣ እያንዳንዱም ቁጥር ይሰጠዋል። የመጨረሻው ወረቀት ከታተመ በኋላ ጣውላው በመሮ ይሰረዛል፣ ዳግመኛ እንዳይታተም። ከዚያ ለምስክርነት አንድ ወረቀት ከነሰረዙ ይታተማል። ደንቡን የምታስፈጽመው ራሷ አሮጊቷ ስለሆነች የእህቴ ልጅ ወይዘሮ ሰረዝ አለቻት፤ ስሙም በሌሎቹ ተማሪዎች አፍ ገብቶ ቀረ።

ልጅቷ ክንፉን ወዲያው አልነካችውም። መጀመሪያ በወርክሾፑ ጣውላ እናቷን የስፌት መኪና ላይ ተቀምጣ ቀረጸች፤ መገልበጡን ግን ረሳችው። ወረቀቱ ሲነሣ መኪናው መዘውሩ በግራ ሆኖ፣ ልብስ ሰፊዋም ግራኝ ሆና ወጣች። አጠገቧ የሚሠራው ቀልደኛ ተማሪ፣ በዚህ መኪና የተሰፋ ሱሪ ወደ ኋላ ነው የሚያስኬደው አላት። በስልክ ስትነግረን እህቴ ከልቧ ሳቀች። መስታወት ፊት ተቀምጬ የሰፋሁ ቀን ልክ እንደዚያ ነው የምመስለው፣ አትጣይው አለቻት።

ሁለተኛው ወር ላይ ነው ነገሩ የመጣው። ጠዋት ስልኩን እኔ ነኝ የደወልኩት፣ ያናገረቻት ግን እናቷ ናት። መሸፋፈን አታውቅም።

"ዓይኔ ጨርሷል፤ አሁን ብርሃንና ጨለማ ነው የምለየው። ያመመኝ ነገር የለም፤ አጎትሽም ባለቤቱም አጠገቤ ናቸው። ብትመጪም አትጨምሪልኝም። የጀመርሽውን ጨርሰሽ ነይ፣ እናቴ።"

ያን ቀን ልጅቷ ክንፉን ከጨርቁ ፈታችው። አሁን ግን የምትቀርጸው ለወረቀቱ ብቻ አልነበረም። እናቷ ወረቀት ብትዳስስ ምን ታገኛለች? ልስላሴ ብቻ። ጣውላው ግን ጉድጓድ አለው፣ ጠርዝ አለው፣ ጣት የሚሄድበት መንገድ አለው። የእናቷን ፊት ልክ በመጠኑ ቀረጸችው፤ የፀጉሯን መስመር ጥልቅ፣ የጉንጯን ሳሳ አድርጋ፣ በየማታው ዓይኗን ጨፍና በጣቷ እየሞከረች። በዚህ ጊዜ መገልበጡን አልረሳችም። ጠባሳውን ግን እንደ ልማዷ ዘለለችው።

ሥራው ሲያልቅ ወይዘሮ ሰረዝ በጣም ወደደችው። ጥቂት ቅጂ ታትሞ ለኤግዚቢሽን እንዲሰቀል ተወሰነ፤ ቅጂዎቹም ታተሙ። ያኔ ልጅቷ ሄዳ ለመነቻት። ይህ ጣውላ አይሰረዝብኝ፣ እናቴ ማየት አትችልም፣ የምታየው ይህንኑ ነው አለቻት። አሮጊቷ እጇን ይዛ አስቀመጠቻት እንጂ አላመናጨቀቻትም። ቁጥር የተጻፈበት ወረቀት የሚወስድ ሰው ሌላ እንደማይታተም ቃል ተሰጥቶታል አለቻት። ጣውላው ሳይሰረዝ ከዚያ በር ከወጣ ቃሌም አብሮ ወጣ፤ የሟች ባሌን ሥራ እንኳ በገዛ እጄ ሰርዣለሁ አለቻት።

ቀልደኛው ተማሪ መላ አመጣ። አስመስለን ሌላ ጣውላ እንቅረጽና እሱን እንሰርዝላት፣ ያንቺን ሻንጣሽ ውስጥ ደብቂው አላት። አሰበችበት፤ አሰብኩበት ብላ ራሷ ነው የነገረችኝ። ግን ደንቡን በስልክ የሰማችው እናቷ ጣቷን ስታሳርፍበት እንዴት አወጣሽው ብላ እንደምትጠይቃት አወቀች። ለዚያች ሴት ደግሞ መዋሸት አይሆንላትም።

የመሰረዣው ቀን ደረሰ። ሌሎቹ በየተራቸው ሰረዙ፤ መሮው እንጨቱን ሲቀድ የሚያሰማውን ድምፅ እስከ ዛሬ አልረሳችውም። የእሷ ተራ ሲሆን ክንፉን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ብዙ ቆየች። ያን ጊዜ ልቧ ውስጥ የነበረው፣ አፏ ተይዞ ከርሞ የፈታው ያው የልጅነት ቃል ነው፤ አታጥፊው። ከዚያ ቀና ብላ ጠየቀች።

"መስመሩ የት ይረፍ የሚል ደንብ አለ?"

"የለም" አለች ወይዘሮ ሰረዝ። "ታትሞ ሲወጣ በግልጽ ይታይ እንጂ የትም ይረፍ።"

ልጅቷ መሮውን ቅንድቡ ላይ ተከለችው። በዓይኑ ጥግ አሳልፋ፣ እጇን ሳታነሣ፣ እስከ ጉንጩ አወረደችው። መስመሩ የት መታጠፍ እንዳለበት፣ የት ጨምደድ እንደሚል ማስታወስ አላስፈለጋትም። እጇ ያውቀው ነበር፤ ዕድሜዋን ሙሉ ሲዘለው የኖረ እጅ ነው።

የምስክርነቱ ወረቀት ታተመ። ጥቁሩ ፊት ላይ ነጭ መስመር ወጣ። አሮጊቷ ወረቀቱን ገመድ ላይ ከተሰጡት ባለቁጥሮች ጎን ይዛ ስታስተያይ ቆየች።

"ከሁሉም ይሄኛው ነው" አለች። "ሕግ ሆኖ አይሸጥም እንጂ።" ከዚያም ክንፉን ራሷ በጨርቅ ጠቀለለችላት።

ልጅቷ የገባች ዕለት ቤታችን ሰው ሞልቶት ነበር። ባለቁጥሮቹን ወረቀቶች ሁሉም እየተቀባበለ አደነቀ፤ ባለቤቴም የሠርግ ካርዱን ነገር ረሳሁት አለች። እህቴ ወንበሯ ላይ ሆና ድምፃችንን እየተከተለች ትስቃለች። ባለቤቴ እንግዶቹን ልትሸኝ ስትወጣ ልጅቷ ጥቅሉን አምጥታ እናቷ ጭን ላይ አስቀመጠች።

እህቴ መጀመሪያ የዳሰሰችው ጀርባውን ነው። ጣቷ የመቀሱን ጭረት አገኘና ፊቷ በራ። ይሄማ የኔ ጠረጴዛ ነው አለች። ልጅቷ ገለበጠችላት። እህቴ ከፀጉሩ ጀመረች፣ ወደ ግንባሩ ወረደች። ግራ እጇ ቅንድቡ ላይ ሲደርስ ቆመ። ክፍሉ ውስጥ የነበርነው ሦስታችን ብቻ ነን። ጣቷ መስመሩን ይዞ በዓይኑ ጥግ አለፈ፣ ጉንጩ ላይ ደረሰ፣ ተመለሰ፣ እንደገና ወረደ።

"ይቺን ማን ቆረጣት?"

"እኔ ነኝ፣ እማዬ።"

"ጎሽ። እስከ ዛሬ የምትስያት ሴትዮ ቆንጆ ነበረች፤ ግን ትውውቅ የለንም።" የገዛ ጉንጯን በሌላው እጇ ዳሰሰች። "ይቺን ግን አውቃታለሁ። በግራ እጄ በኩል ነው ጠባሳዋ። መስታወት ፊት ስቆም ትክ ብላ የምታየኝ እሷ ናት። ከዓይኔ ጋር አብራ የሄደች መስሎኝ ነበር።"

እኔ እንጨት ሳልዳብስ የዋልኩበት ቀን የለም፤ ወረቀት ላይ እንዲቀና የተገለበጠ ፊት ለባለቤቱ ልክ የመስታወቱ ፊት እንደሚሆን ግን አላሰብኩትም። ልጅቷም አላሰበችውም። ከእናቷ እግር ሥር፣ ድሮ ክንፉ ፊት ትቀመጥ እንደነበረው፣ መሬት ላይ ተቀመጠች።

ይህ ከሆነ ዓመታት አልፈዋል። ልጅቷ ዛሬ ራሷ አስተማሪ ናት፤ ተማሪዎቿም ጣውላቸውን ይሰርዛሉ። የምስክርነቱ ወረቀት ከእኔ የሥራ ጠረጴዛ በላይ ተሰቅሏል፤ ለመግዛት የጠየቁኝ አሉ፣ ቁጥር የለውም ብዬ እመልሳለሁ። ክንፉ ከእህቴ ወንበር አይለይም። በጣቷ ብዛት የመስመሩ ጠርዝ ለስልሷል።

ይህን ልጽፍ መሆኔን ለእህቴ ልጅ ስነግራት ከዚያ ጉዞ ትልቁ ነገር ምን እንደነበር ጠየቅኳት። ማተሚያውን ወይም ወይዘሮ ሰረዝን ታነሣለች ብዬ ነበር። እሷ ግን እንዲህ አለችኝ።

"ጋሼ፣ ያን መስመር የምዘለው እማዬን ላሳምር ይመስለኝ ነበር። ለካ እኔ እንዳያመኝ ነው፤ በእኔ ምክንያት የመጣ ጠባሳ ነዋ። የዚያን ቀን ጣቷ እዚያ ሲደርስ እጇን ታነሣለች ብዬ ትንፋሼን ያዝኩ። አላነሣችም። ሌላ ምንም ሳልማር ብመለስ እንኳ፣ ለዚያች ቅጽበት ብቻ ብሄድ አይቆጨኝም።"