ካፖርት ሳይሰቀል አይበላም

አንድ የአዲስ አበባ በርገር ቤት ስሙንና መመሪያውን ለአንድ ጡረተኛ ሻምበል ሰጠና ድሬ ደቻቱ ድልድይ አጠገብ ቅርንጫፍ ተከፈተ። «ወታደር መመሪያ አይጥስም» ተብሎ ነው አሉ። ርቦኝ ገባሁ።

«ካፖርት!» አሉኝ ሻምበሉ በር ላይ ቀጥ ብለው።

«አቦ ሻምበል፣ በድሬ ሙቀት ማን ካፖርት ይለብሳል?»

«መመሪያው ‹የደንበኛውን ካፖርት ተቀብለህ ስቀል› ይላል። ‹ካለው› አይልም! ከሌለህ ሌላ ልብስ ይሰቀላል። ካናቴራ አይቆጠርም!»

ከሻምበል ጋር ማን ይሟገታል? ሸሚዜን አስረክቤ በካናቴራ ተቀመጥኩ። «ይሄ ውርደት ነው!» እያልኩ ስነጫነጭ፣ ጥግ ላይ ጠረጴዛውን እስከ ደረቱ የሳበ ሰውዬ በአገጩ ወደ ማንጠልጠያው ጠቆመኝ። በሱሪ ፋንታ የሚታጠቅ ሽርጥ ተሰቅሏል።

«ወላሂ አንተ እድለኛ ነህ» አለኝ። «እኔ በካናቴራ ነው የመጣሁት።»